የልጄ ችፌና የሌሊት ሳል ይገናኛሉ እንዴ?

ማሂ_የአዲስ
ሰላም ናችሁ? የአራት ዓመት ልጄ ከጨቅላነቱ ጀምሮ የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ ያሳክከዋል፣ ችፌ ነው ተብለናል። የጥቅምት ብርድ ሲገባማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። አሁን ደግሞ ሌሊት ደረቅ ሳል ጀመረው፣ ሲሮጥም ደረቱ ሲር ሲር ይላል። አማቴ «በቅባት ስትዘጊው ወደ ውስጥ ገባ» ትለኛለች። እውነት ነው? ቅባቱን ልተወው?

ፋርማሲ_ነኝ
ኧረ እንዳትተዪው! ወደ ውስጥ የሚገባ ችፌ የለም። የሁለቱም ሥረ መሠረት አንድ ነው፣ አለርጂ የሚወድ ሰውነት መጀመሪያ በቆዳ ያሳያል፣ ቆይቶ በአፍንጫ ወይ በሳንባ። እንደውም የተሰነጠቀ ቆዳ አቧራውን ሁሉ ስለሚያስገባ ሰውነት በዚያው አለርጂ ይለምዳል ነው የሚባለው። ችፌ ያለበት ልጅ ሁሉ አስም ይይዘዋል ማለት ግን አይደለም፣ ዕድሉ ከፍ የሚለው ችፌው የበረታባቸው ላይ ነው።

ለብ ባለ ውኃ ቶሎ አጥበሽ፣ ገላው እርጥብ እንዳለ ቫዝሊን በደንብ ለቅልቂው፤ በቀን ሁለቴ፣ ደህና በሆነበት ሰሞንም ቢሆን። የልብስ ሳሙናና ሽታ ያለው ሎሽን ይቅር። የተቆጣው ቦታ ላይ የታዘዘለትን የስቴሮይድ ቅባት (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው) ቀቢው። ከጠቋሚ ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ከቱቦው የወጣው ቅባት ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃል። ሰው ስቴሮይድ ፈርቶ በጣም ትንሽ ይቀባና «አልሠራልኝም» ይላል።

ሸገር_ልጅ
እኔ ሁለቱም አሉብኝ። ማሂ፣ ከሱቅ የሚሸጡትን የፊት ማጥሪያ ክሬሞች እንዳትሞክሪ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። ለጊዜው ጥፍት ያደርገዋል፣ ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ስትተዪው ብሶ ይመለሳል። ደግሞ ጭርት ከሆነ ስቴሮይድ ያስፋፋዋል። ቡና ስታፈዪም ዕጣኑና ከሰሉ እሱ ካለበት ክፍል ይራቅ፣ እኔን ወዲያው ነው የሚያፍነኝ።

ትዕግስቱ22
ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? ካለ እከክ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናው ሌላ ነው፣ ሁላችሁም ባንዴ ነው የምትታከሙት።

ማሂ_የአዲስ
የለም፣ እሱ ብቻ ነው። ተባረኩ! ሰኞ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ፣ አማቴንም ይዣት ነው የምሄደው ሃሃ።

ፋርማሲ_ነኝ
ጎሽ። ሲር ሲር ሲል በስልክሽ ቅረጪው፣ ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። የሚነፋ መድኃኒት ካዘዙለትም «ሱስ ይሆናል» የሚለውን ወሬ አትስሚ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ከተሰረጎደ ወይም መናገር ካቃተው ግን ሰኞን አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።