አስቸኳይ፦ የአጎቴ ሸክላ ማጫወቻ አላቆም አለኝ!

ቤቲ በርሊን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አጎቴ ሸክላ ማጫወቻውን አውሶኝ ነበር፣ ዛሬ ማታ ሊወስደው ይመጣል። ባለፈው ሰሞን እዚህ የኖይዝ (ጫጫታን እንደ ሙዚቃ የሚጫወቱበት) ኮንሰርት ገብቼ አብጄ ነው የወጣሁት። ደረቴ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ የአሜሪካዊውን ሮከር የሉ ሪድን «ሜታል ማሽን ሚውዚክ» ገዛሁ፣ ያገለገለ፣ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ነው። ቤት ሳጫውተው ግን እንደ ትንኝ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከሥሩ «እምምም» የሚል ነገር አለ። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ጭራሽ አላልቅ አለ፣ ዝም ብሎ ይዞራል። መርፌውን ሰበርኩት እንዴ? አጎቴ ጥላሁንን የሚሰማው በዚህ ነው። ይገድለኛል!

መርፌና ክር፦
መርፌውን በለስላሳ ብሩሽ አጽጂው። ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። አቧራ ነው።

የካዛንችሱ፦
ቆይ፣ እሱ ሸክላ መበላሸቱ በምን ይታወቃል? ሃሃሃ። እኔ ብሆን ብድግ ብዬ ቡና ማሽኑን ነበር የማጠፋው።

ጋሽ አለማየሁ፦
ልጄ፣ ድሮ እኛ መርፌ ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም እናስቀምጥበት ነበር። ቀጥ ይላል።

ኢንጂነሩ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ ቤቲ እንዳታደርጊው! የዛሬ መርፌዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ጫና ወደ 2 ግራም ገደማ ነው። የ1 ዩሮ ሳንቲም ብቻውን 7.5 ግራም ይመዝናል። ሸክላውን ታርሽዋለሽ።
አሁን ንገሪኝ፣ ገመዱን አምፕሊፋየሩ ላይ የት ነው የሰካሽው? ከቀይና ከነጩ ሌላስ ቀጭን ሽቦ አልነበረችም?

ዝምታ ይሻላል፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሙዚቃ አይደለም። ጩኸት በብር ይገዛል? ማጫወቻው ራሱ «በቃኝ» ብሎ ነው።

ጉራማይሌ፦
ዝምታ፣ ይሄ ክርክር ካንተ በፊት ያረጀ ነው። ጣልያናዊው ሉዊጂ ሩሶሎ ስለ ጫጫታ ጥበብ የጻፈው በፈረንጆቹ 1913 ነው። የማሽን ድምፅ የሚያወጡ ሣጥኖችም ሠርቷል። የኛው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያጓራ የሰማ ሰው ደግሞ እንዲህ አይልም። በፈረንጆቹ 2006 ከሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር ያወጣውን «ሞአ አንበሳ»ን ስማና ተመለስ።

ዝምታ ይሻላል፦
ጌታቸው ዜማ አለው። አታደባልቅ።

ቤቲ በርሊን፦
ወገን፣ እኔ እየነደድኩ ነው እናንተ ትከራከራላችሁ! ኢንጂነሩ፣ አውክስ ላይ ነው የሰካሁት። ሁሌ ስልኬን የምሰካበት ነው። ቀጭን ሽቦ አለች፣ ግን የት እንደምትገባ ስላላወቅኩ ከኋላ አንጠልጥያታለሁ። አጎቴ ቤት እንዴት እንደነበረች አላየሁም።

ኢንጂነሩ፦
ተገኘ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። እንዲያ ባይሆን መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፍቶ ቦታ ይጨርሳል፣ መርፌውም ይዘላል። ይህን መልሶ የሚያስተካክለው «ፎኖ» የሚለው መግቢያ ነው። አውክስ አያስተካክልም፣ ስለዚህ ትንኝ ትሰሚያለሽ። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን አጥፊ። ገመዱን ወደ ፎኖ አዙሪ። ቀጭኗ የመሬት ሽቦ ናት፣ «ግራውንድ» የሚለው ብሎን ሥር አጥብቂያት። «እምምም» ያለው የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅ ነው። ማጫወቻው ጀርባ ላይ «ፎኖ/ላይን» የሚል ማብሪያ ካለ ደግሞ ፎኖ ላይ መሆኑን እዪ፣ አለዚያ ድምፁ ሁለቴ ጎልቶ ይቀደዳል።

የካዛንችሱ፦
በዚህ ሸክላ ላይ ቢቀደድ ማን ያውቃል?
ለማንኛውም ስለ አራተኛው ገጽ ማንም አልነገራትም እኮ። ቤቲዬ፣ እሱ አልተበላሸም። በፈረንጆቹ 1975 የወጣው ሸክላ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ገጽ 16 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ይላል፣ የመጨረሻው ላይ ግን «ማለቂያ የለውም» የሚል ምልክት (∞) አለ። የመጨረሻው ቦይ ክብ ሆኖ የተዘጋ ነው። መርፌው በየ1.8 ሰከንዱ እዚያው ይመለሳል። ክንዱን አንሺው፣ አለዚያ አጎትሽ እስኪመጡ ይዞራል።

ጋሽ አለማየሁ፦
ይሄ ሉ ሪድ የሚሉት ሰውዬ ቀልደኛ ነው።

ቤቲ በርሊን፦
ኡፎይ!! የካዛንችሱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽቦዋን አስሬ ፎኖ ላይ አደረግኩት። እምምሙ ጠፋ፣ ድምፁም ወፈረ። ግን አሁንም እንደ ኮንሰርቱ ደረቴን አይመታም። ሌላ ያልተሰካ ነገር ይኖር ይሆን?

ጉራማይሌ፦
የለም። እንዲመታሽ መጠበቅሽ ነው ስህተቱ። እዚህ ሸክላ ላይ ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም። ጊታሮች ከአምፕሊፋየር ጋር ሲጯጯሁ ነው። በግራና በቀኝ የሚሰማው ይለያያል፣ በሄድፎን ስሚው። መድረክ ላይ የማታገኚውን ነገር ታገኛለሽ። ደግሞ ይሄኛው ከሸክላ ወደ መድረክ ነው የሄደው። አንቺው ከተማ በርሊን ውስጥ በፈረንጆቹ 2002 ዛይትክራትዘር የሚባል ቡድን ኖታውን ጽፎ በቫዮሊንና በትንፋሽ መሣሪያ ተጫውቶታል። ሉ ሪድም አብሮ ነበር። ኮንሰርትን ቤት ለመድገም ከፈለግሽ ይሄን ባትገዢ ይሻልሽ ነበር።

ኢንጂነሩ፦
እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ግማሹ የስፒከር ጉዳይ ነው። ደረት የሚመታው ወፍራም ድምፅ፣ ለምሳሌ የ40 ኸርዝ፣ አንድ ሞገዱ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። የመደርደሪያ ስፒከር ያን ያህል አየር አይገፋም። ግን ለማካካስ ብለሽ ቮልዩም እንዳትከፍቺ። 100 ዴሲቤል ላይ የሚመከረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኮንሰርትም ስትሄጂ የጆሮ መድፈኛ ያዢ። በሩ ላይ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ።

ዝምታ ይሻላል፦
ለመስማት ከፍሎ ገብቶ ጆሮ መድፈን። እኔ ወጣሁ።

ቤቲ በርሊን፦
በር ተንኳኳ። መጣሁ

የካዛንችሱ፦
ቤቲ፣ አጎትሽ ምን አሉ? ሸክላውን አነሳሽው ወይስ አሁንም ይዞራል?

የካዛንችሱ፦
ቤቲ?

መርፌና ክር፦
መርፌውን አጸዳሽው?