ለእናቴ የገባሁትን የቤት ቃል እንዴት ልፈጽም?

የፒያሳዋ ቡና (ደሴ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። እናቴ ኩታበር ገጠሩ ውስጥ ሳር ቤት ነው ያለችው። «ቆርቆሮ አለብስልሻለሁ» ብያታለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሩ ያፈስሳል። እሷ ደግሞ ምንም አትለኝም፤ የሚብሰው ይሄ ነው። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ከቡናው የተረፈችውን ሳስቀምጥ ወይ የወንድሜ ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ወይ የቅሬ (የዕድር) መዋጮ፣ ወይ ጎረቤት «ለሰኞ እመልስልሻለሁ» ትላለች። ሥራ ያልተሰጠው ብር ለሁሉም ይሸተዋል መሰለኝ። የሰው አደራ ቢሆን ሞቼ እገኛለሁ፣ የእናቴ ግን ዓመት ዓመቱን ይገፋል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሐይቅ ዳር
አብሽሪ እህቴ። ዕቁብ ግቢ። የቡና ገንዘብ በየቀኑ ስለሚገባ የዕለት ዕቁብ ይሻልሻል። ዕጣው ቶሎ ቢወጣም ቢዘገይም፣ ለምን እንደፈለግሽው ዳኛው ይወቅ፤ ተራ የሚለዋወጥሽ አባል አይጠፋም። ጎረቤትሽ ስትመጣ «የዕቁብ ነው» በያት። ማንም አይቀየምሽም።

መምህሩ
በዕቁቡ እስማማለሁ። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፎ ነበር። «አደርገዋለሁ» ብቻ ከሚል ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው ይበልጥ ይፈጽማል ነው ነገሩ። ለምሳሌ «ማታ ሲኒውን አጥቤ ስጨርስ የዕቁቡን ብር እለያለሁ» በይ።

አናጢው (ኮምቦልቻ)
ሁላችሁም ብሩ ላይ ናችሁ። እስኪ ልጠይቅሽ፣ ቤቱ ክብ ነው? ክብ ከሆነ ቆርቆሮ ማልበሱን እርሺው። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ጣሪያ ነው የሚፈልገው። ያኔ ቃል የገባሽው ክዳን ሳይሆን አዲስ ቤት ነው። ደግሞስ የስንት ቆርቆሮ ቤት? የሃያውና የስልሳው ወጪ አይገናኝም። ልኩ ላልታወቀ ቤት የተቀመጠ ብር ትርፍ ይመስላል፤ ጎረቤትሽ የምትወስደውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ሲደርስሽ መጀመሪያ ባሕር ዛፉን ግዢ። እርጥቡን ከመታሽው ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ተደርድሮ ጥላ ሥር ይክረም። እንጨት ደግሞ ማንም አይበደርሽም! ቆርቆሮ ስትገዢ ጌጁን እዪ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወፍራም ነው። 35ቱ በርካሽነቱ ያታልላል፣ ስስ ነው። ሥራው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይለቅ። እናንተ ጋ በልግ ስላለ ከዚያ ከዘገየ ምርጊቱን ዝናብ ያበላሽብሻል።

የፒያሳዋ ቡና
ክብ ነው! 😅 እናቴ ጋ ደወልኩ። «ሳሩን አትንኪብኝ፣ እሱ ሙቀት አለው፤ ቆርቆሮ ሌሊት ይበርዳል» አለችኝ። እኔ እኮ ጠይቄያት አላውቅም። ከጎኑ ግን እህል የምታስቀምጥበት፣ እንግዳም የሚያድርበት የሃያ ቆርቆሮ ቤት ብታገኝ ደስ ይላታል። የሚያፈሰውን ሳር የሚያድስ ሰው እዚያው ሰፈር አለ፤ ለእሱ የሚሆን ብር አሁን እጄ ላይ አለ፣ በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ለአዲሱ ዕቁብ እገባለሁ። ጋሼ አናጢ፣ ለሃያ ቆርቆሮ ስንት ባሕር ዛፍ ይበቃል?

አናጢው (ኮምቦልቻ)
ስፋቱን ሳላውቅ አልዋሽሽም። ቦታውን በእርምጃ ለክተው ይንገሩሽና እጽፍልሻለሁ። ለምርጊቱ የሚሆን ጭድ ግን እናትሽ ከአውድማ ያስቀሩ፣ ከወዲሁ ንገሪያቸው።