አንቀጽ 3፦ የሎገር አሰያየም (ረቂቅ ለውይይት)

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። የኮድ አጻጻፍ ደንባችን አንቀጽ 1 እና 2 አልፈዋል። ሦስተኛው አሁን እንዲህ ይላል፦ «በጃቫ ኮዳችን የሎገሩ ቫሪያብል ስም በትልልቅ ፊደል ይጻፍ።» (ሎገር ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ሎግ ፋይል ላይ የሚመዘግብልን ነው፤ ቫሪያብሉ ደግሞ ኮዱ ውስጥ የምንጠራበት ነው።) እስከ ዓርብ ማታ አስተያየት ስጡበት።

የጃቫ ቡድን፦ አልስማማም። ትልልቅ ፊደል ለኮንስታንት፣ ማለትም ለማይለወጥ እሴት ነው። ሎገር «ስታቲክ ፋይናል» (ሌላ እንዳይተካበት የታሰረ) ቢባልም ውስጡ ይለወጣል፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚመዘግብ የሚወስነውን ደረጃ ከኢንፎ (መደበኛ መረጃ) ወደ ዲበግ (የስሕተት መፈለጊያ ዝርዝር) ማውረድ ይቻላል። የጉግል የጃቫ አጻጻፍ መመሪያም ሎገርን ኮንስታንት ካልሆኑት ጋር ነው የመደበው። ሎምቦክ (ተደጋጋሚ የጃቫ ኮድ የሚፈጥርልን መሣሪያ) የሚፈጥረውም ሎገር በትንንሽ ፊደል ነው።

የሰርቨር ክትትል፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ይህ ጉዳይ አንድም ሌሊት ከእንቅልፌ አልቀሰቀሰኝም። (በግዕዝ ፊደል ኮድ ብንጽፍ ኖሮ ትልቅ ትንሽ ከሚሉት ጣጣ በተገላገልን።) የሚቀሰቅሰኝ ሎግ ፋይሉ ላይ የሚወጣው የሎገሩ ስም ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ዘንድ ክፍያ ቆመ፤ ስሕተቱ የሚታየው ግን በኢሜይል መላኪያው ክላስ (የጃቫ ኮድ ክፍል) ስም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የኢሜይሉን ኮድ ስንበረብር ቆየን። ለካ አንዱ የሎገሩን መስመር ከዚያ ገልብጦ ሲለጥፍ የክላሱን ስም ሳይቀይረው ቀርቷል። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፣ ቴስቱም ያልፋል፤ ማን ይያዘው?

የፓይተን ቡድን፦ እኛ የምንሰጠው የሞጁሉን (የኮድ ፋይሉን) የራሱን ስም ስለሆነ መስመሩ ቢገለበጥም አይሳሳትም። ፋይሉን በቀጥታ ስታስነሡት ግን ስሙ «ሜይን» ይሆንና ከሎገሮቹ የስም ተዋረድ ይወጣል። በስሙ መካከል ያለው ነጥብ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፦ «ሱቅ.ክፍያ» ላይ ደረጃ ካስቀመጣችሁ፣ የራሱ ያልተሰጠው «ሱቅ.ክፍያ.ባንክ» ይወርሰዋል።

ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ ቫሪያብሉ በትንንሽ ይሁንና እንለፈው። እስቲ ስለ ስሙ ጻፊልን።

ጸሐፊ፦ እሺ ጋሼ። «3.1 የሎገር ስም በእጅ አይጻፍም፤ በጃቫ ከክላሱ፣ በፓይተን ከሞጁሉ ይወሰዳል።»

የጃቫ ቡድን፦ «በጃቫ ሎምቦክ ይፍጠረው» በይበት፤ አለዚያ ያው ግልበጣ ይመለሳል። የቆየው ኮድስ? ስሙ ሲቀየር በድሮው ስም የተጻፈው ኮንፊግ (የሎገሮቹ ደረጃ የሚወሰንበት ፋይል) ሥራ ያቆማል።

የሰርቨር ክትትል፦ ያም ሳይነግረን ነው የሚያቆመው። ኮንፊግ ውስጥ ያሉትን ስሞች እኔ ልልቀም፤ እስከ ማክሰኞ ጊዜ ስጡኝ። ስለ ቆየው ኮድ የሚሆነውን 3.2ን እስከዚያ ክፍት ተዪው።