አንድ ቻናል፣ ሁለት ዓይነት ተመልካች

ዩቲዩብ ላይ አንድ ቻናል አለኝ። የስልክ ጥገና አሳያለሁ፤ ስላነበብኳቸው መጻሕፍትም አወራለሁ። ለጥገናው የመጣው ሰው የመጽሐፉን ቪዲዮ ከፍቶ ወዲያው ይወጣል። የመጽሐፍ ወዳጆቹ ደግሞ ስለ ባትሪና ስክሪን ምን ገዷቸው!

የሽፋን ምስሎቹን ቀለምና የፊደል ቅርጽ አንድ ዓይነት አደረግኩ። አማረ እንጂ ለውጥ አላመጣም። ቪዲዮዎቹን በፕሌይሊስት ለየሁ፤ እሱም ያው። የቻናሉን መግለጫ ልጽፍ ስነሳ “ይህ ቻናል ስለ...” ብዬ እዚያው እቆማለሁ።

ብዙ የሚታየው ጥገናው ነው። ረጅም አስተያየት የሚጻፍልኝ፣ ሰዎች ስሜን ጠርተው የሚያወሩኝ ግን በመጽሐፉ ነው። ይሄ ነው ግራ ያጋባኝ። ሁለተኛ ቻናል እንዳልከፍት ቀረጻውንም ኤዲቲንጉንም የምሠራው ብቻዬን፣ ከሥራ መልስ ነው።

እናንተ ብትሆኑ መጽሐፉን ወደ ሌላ ቻናል ታወጡት ነበር ወይስ ሁለቱን በአንድ ስም ይዛችሁ ትቀጥሉ ነበር?