ምግብ የተቋረጠባት አይጥ ሰውነቷን የምታቀዘቅዘው ሌፕቲን ስለወረደ ብቻ ነው?

ሙቀት37
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቶርፖር ጥያቄ አለኝ፤ ትንንሽ አጥቢዎች ምግብ ሲያጡ ሰውነታቸውን አቀዝቅዘው ለሰዓታት የሚቆዩበት ድንዛዜ ማለቴ ነው። የሚነበበው ሁሉ "ሌፕቲን ሲወርድ እንስሳው ይደነዝዛል" ይላል፤ ሌፕቲን ከስብ የሚወጣ ሆርሞን ነው። ነገር ግን በ22 ዲግሪ ክፍል ለ24 ሰዓት ምግብ ከተቋረጠባቸው 8 የላብራቶሪ አይጦች 5ቱ ከ31 ዲግሪ በታች ሲወርዱ 3ቱ ከ34 አልወረዱም። ዝርያቸውም ዕድሜያቸውም አንድ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሌፕቲን በመርፌ ቢሰጣቸውስ ሁሉም ሞቀው ይቆያሉ? ደግሞስ መልሶ ለመሞቅ ጉልበት የሚወጣ ከሆነ ቁጠባው የቱ ጋ ነው?

ኪሎጁል
ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ሒሳቡ ከታየ ሌላው ይቀላል። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ በቀን 45 ኪሎጁል አካባቢ ታቃጥላለች፤ በሰዓት ወደ 2 ገደማ ነው። ቆዳዋ ከክብደቷ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ከዚህ ውስጥ ብዙው የሚሄደው ያመለጠ ሙቀት ለመተካት ነው። ሰውነቷ 37 ዲግሪ ሲሆን ከክፍሉ ጋር ያለው ልዩነት 17 ነው። ወደ 25 ስትወርድ ልዩነቱ 5 ይሆናል፤ የሚያመልጠው ሙቀት ከሲሶ በታች ሆነ ማለት ነው።

አሁን የመመለሻውን ዋጋ እንይ። አንድ ግራም ሥጋን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 3.5 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። 25 ግራም በ12 ዲግሪ ሲባዛ 1 ኪሎጁል ያህል ይመጣል። እየሞቀች ሳለ የሚያመልጣት ተጨምሮ 2 እንበል። 4 ሰዓት ደንዝዛ በሰዓት ግማሽ ኪሎጁል ብቻ ካቃጠለች 6 ተቆጥቧል፤ 2ቱን ከፍላ 4 ይተርፋታል። ይህ 0.1 ግራም ስብ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን መላ ስቧ ሁለት ግራም ለሆነ እንስሳ ቀላል አይደለም። በ40 ደቂቃ ከነቃች ግን ከሰራ ወጣች። ሰውነት ወደዚህ ሁኔታ ዝም ብሎ የማይገባው ለዚህ ነው፤ ሆርሞኖቹም የሚያስፈልጉት "አሁን ያዋጣል ወይ?" ለሚለው ውሳኔ ነው።

ነጭ_ስብ
ሒሳቡ ጥሩ ነው። ወደ ሆርሞኖቹ ስንመጣ "ሌፕቲን ወረደ፣ እንስሳው ደነዘዘ" የሚለው አባባል ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ከነጭ ስብ (ጉልበት ከሚከማችበት ስብ) የሚወጣ ሆርሞን ነው። ምግብ ሲቋረጥ ስቡ ገና ሳያልቅ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለአንጎል የሚነግረው የጎተራውን መጠን ብቻ ሳይሆን ገቢው መቆሙንም ነው። በተፈጥሮ ሌፕቲን የማይሠሩ አይጦች ምግብ ሲቋረጥባቸው በቀላሉ ይደነዝዛሉ፤ ሌፕቲን ሲሰጣቸው ይተዉታል። ነጭ ስብ ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ግን ሌፕቲን ተሰጥቷቸውም ይደነዝዛሉ። በ1999 የታተመው ይህ ውጤት ሁለተኛ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ስለዚህ ለመርፌው ጥያቄ መልሱ "ይቀንሳል፣ ግን ለሁሉም ዋስትና አይሆንም" ነው። ሌፕቲን ከደም ቶሎ ስለሚጠፋ አንድ ጊዜ ወግቶ መተው ፋይዳ የለውም፤ በጾም ጥናቶች የሚሰጠው በግራም ክብደት 1 ማይክሮግራም፣ በቀን 2 ጊዜ ነው።

ከሌፕቲን ጎን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦

ግሬሊን ከጨጓራ ይወጣል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ይጨምራል። ምግብ ለተቋረጠባት አይጥ ሲሰጥ ድንዛዜው ይጠልቃል፤ ለጠገበች ሲሰጥ አያደነዝዛትም።

ኤፍጂኤፍ21 ከጉበት ነው የሚወጣው። በ2007 እንደታየው በጾም ጊዜ ስብ ወደ ኪቶን (ሰውነት በጾም ጊዜ የሚያቃጥለው ነዳጅ) እንዲለወጥ ይገፋል፣ አይጧንም ለቶርፖር ያዘጋጃታል። እዚህም ዋናው ቃል "ያዘጋጃታል" ነው።

ታይሮይድን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በጾም የታይሮይድ ሆርሞኖቹ ቲ4 እና ቲ3 በደም ውስጥ ይወርዳሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ራሱ የሌፕቲን መውረድ ነው፤ በ1996 እንደታየው ለጾመች አይጥ ሌፕቲን ሲተካላት የቲ4 መውረድና የጭንቀት ሆርሞኑ የኮርቲኮስቴሮን መጨመር ይለዝባል። የመራቢያ ሆርሞኖችም አብረው ይዘጋሉ፤ እርግዝናና ጡት ማጥባት ከሁሉ የከበዱ ወጪዎች ናቸው።

የሚገርመው ከነርቮች የሚለቀቀው መልእክተኛ ኖርአድሬናሊን ነው። ሙቀት አምጪ ስለሆነ እሱ የሌላት አይጥ ቶሎ የምትቀዘቅዝ ይመስላል፤ ሆኖም ኖርአድሬናሊን መሥራት የማይችሉ አይጦች በጾም ወደ ቶርፖር አይገቡም። ምክንያቱ ሌፕቲንን የሚያስወርደው ወደ ነጭ ስብ የሚሄደው የነርቭ ምልክት መሆኑ ነው። የእርስዎ 3ቱ አይጦች ሌፕቲናቸው በእርግጥ ወርዶ እንደሆነ ሳይለካ "የሁሉም ወርዷል" ማለት ያስቸግራል።

ቀይ_መብራት
ሆርሞን ከመለካት በፊት ጓዳውን መፈተሽ ይሻላል። አንዳንዱ ሲደነዝዝ ሌላው ሲቀር መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ ናቸው፦

1. የተደበቀ ምግብ። ማከፋፈያው ተነሥቶ አሮጌው ንጣፍ ከቀረ፣ የተፈረፈረ ምግብ ከስር አለ። ምግቡ ሲነሣ አይጧ ወደ ንጹህ ሳጥን ትዛወር።
2. አብሮ መኖር። ሁለት ሦስት ሆነው ከተቃቀፉ ሙቀት ይጋራሉ። አንድ በአንድ ሳጥን፣ የጎጆ መሥሪያውም መጠን እኩል ይሁን።
3. የክፍሉ ሙቀት። በ30 ዲግሪ አይጥ ሙቀቷን ለመጠበቅ የምታወጣው ተጨማሪ ጉልበት ስለሌለ ድንዛዜ አይታይም። 22 ደግሞ መካከለኛ ነው፤ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በመደርደሪያው ላይና ታች ሁለት ዲግሪ ልዩነት ካለ ውጤቱን ያዛባል።
4. መነሻ ክብደት። ወፍራሟ ሌፕቲኗ ከከፍታ ስለሚጀምር ዘግይታ ትወርዳለች።
5. መለኪያው። በፊንጢጣ የሚገባ ቴርሞሜትር አይጧን ይቀሰቅሳታል፤ በእጅ መያዙ ራሱ ይበቃል። ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ የሬዲዮ መለኪያ ይሻላል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠበቅ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ምግቡ መብራት ሲጠፋ ከተነሣ ድንዛዜው ብዙ ጊዜ በጨለማው ሰዓት መገባደጃ ላይ ይመጣል። ጠዋት ገብቶ አንድ ጊዜ የለካ ሰው የነቃችውን አይጥ "አልደነዘዘችም" ብሎ ይመዘግባል። የኦክስጅን ፍጆታ አብሮ ቢለካ የተሻለ ነው፤ ማቃጠሉ ቀድሞ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ዘግይቶ ይከተላል። ክብደቷ ከመነሻው 20 በመቶ ከቀነሰ ጾሙ ወዲያው ይቁም።

ደም የሚወሰድ ከሆነ፣ ንቁው ግሬሊን በቱቦው ውስጥ ራሱ ይበላሻል። ቱቦው በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ የፕሮቲን መፍረስን የሚገታ መድኃኒት ይጨመርበት፣ ፕላዝማው ከተለየ በኋላም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይኮምጥጥ። ይህ ከተዘለለ "ግሬሊን አልጨመረም" የሚል የሐሰት ውጤት ይመጣል።

ሙቀት37
አመሰግናለሁ። 3ቱ ያልደነዘዙት ከላይኛው መደርደሪያ ናቸው፤ ንጣፉም አልተቀየረም ነበር። ሌላ ጥያቄ፦ ሃምስተር ላይ የሚነገረው ከዚህ ለምን ይለያል? ምግብ እያለውም ይደነዝዛል ይባላል።

ነጭ_ስብ
የሳይቤሪያው ሃምስተር ረሀቡ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ቀኑ ሲያጥር አስቀድሞ ይዘጋጃል። የብርሃኑ ሰዓት ወደ 8 ሲወርድ ሌሊት የሚወጣው ሆርሞን ሜላቶኒን የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ የዘር ፍሬው ይኮማተራል፣ ጸጉሩ ይነጣል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ምግብ ፊቱ እያለ በዕረፍት ሰዓቱ መደንዘዝ ይጀምራል። ቴስቶስቴሮን ቢሰጠው ይቀራል፤ የሰውነት ሙቀትንና ረሀብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ በሃይፖታላመሱ አጠገብ ቲ3 ቢቀመጥለትም እንዲሁ። ሌፕቲንም ያግደዋል። ሆኖም ረጅም ቀን ላይ ያለ ሃምስተር ሌፕቲኑ ስለወረደ ብቻ አይደነዝዝም። በሃምስተር ያነበቡትን በቀጥታ ወደ አይጥ አያምጡ፤ ግርግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ኪሎጁል
አንድ ጭማሪ። በ2020 ሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ የተወሰኑ ነርቮች ሲቀሰቀሱ የጠገበች አይጥ ለቀናት ቀዝቅዛ እንደምትቆይ ታይቷል። በተፈጥሮው ወደ ቶርፖር የማይገባው አይጠ መጎጥም በዚሁ ዘዴ ቀዝቅዟል። ማብሪያ ማጥፊያው አንጎል ውስጥ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዙር መደርደሪያውን አስተካክለው ንጣፉን ከቀየሩ በኋላም አንዷ ሌፕቲኗ ወርዶ ሳትደነዝዝ ብትቀር አይደንግጡ። ውጤቷ ከሰንጠረዡ አይውጣ፤ ሌፕቲኗ ከሙቀቷ ጎን ይጻፍ።