«ወረቀት የሚፈልግ ላኪ የሚደብቀው ያለው ነው» በተባለው ላይ የተነሣ ክርክር

የቦሌ ትራንዚተር፦
ትናንት ስለ ኤሌክትሮኒክ ኤርዌይ ቢል፣ ማለትም በወረቀት ፈንታ በኮምፒውተር ስለሚዘጋጀው የአየር ጭነት ሰነድ፣ ስንነጋገር አንድ ወንድማችን «ዛሬም ወረቀት የሚፈልግ ላኪ የሚደብቀው ነገር ያለው ነው» ብለው ጽፈዋል። ይህ አነጋገር እጅግ አስቆጥቶኛል። ላኪው ዕቃውን አስረክቦ ሲወጣ የሚይዛት ሰማያዊዋ የኤርዌይ ቢል ኦሪጅናል ስንት ካርቶን በስንት ኪሎ እንዳስረከበ የምትመሰክርለት ሰነድ ናት። ማስረጃውን በእጁ የያዘን ሰው ደባቂ ማለት ከየት የመጣ ፍርድ ነው? ጸሐፊው ማብራሪያ ይስጡበት።

የካርጎ ሲስተም ባለሙያ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። አንድ ጭነት እስከ 30 የሚደርስ ወረቀት ይዞ ሊጓዝ እንደሚችል የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር የሆነው አያታ ራሱ ይናገራል። ያው የላኪ ስም፣ ያው ክብደት፣ ያው የካርቶን ብዛት በአስተላላፊው (የላኪውን ጭነት ለአየር መንገዱ በሚያስረክበው ወኪል) ቢሮ፣ በአየር መንገዱ፣ በጉምሩክ፣ ከዚያም በመድረሻው እንደ አዲስ ይተየባል፤ ስሕተት የሚገባውም በዚህ መካከል ነው። አየር መንገዶችና አስተላላፊዎች አንድ በአንድ መዋዋል ሳያስፈልጋቸው ያለ ወረቀት እንዲሠሩ የሚያስችለው የጋራ ስምምነት በፈረንጆቹ 2013 ወጥቷል፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ደግሞ ሕጉ በሚፈቅድባቸው መስመሮች ኤሌክትሮኒኩ መደበኛ፣ ወረቀቱ ልዩ ሁኔታ ሆኗል። ክብደት በእስክሪብቶ ተሰርዞ ሲስተካከል፣ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ሲጻፍ ያየሁት በወረቀት ላይ ነው። ሲስተም ላይ ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘገባል።

አበባ ላኪ፣ ከሆለታ፦
«ይመዘገባል» የሚሉት መዝገብ የሚቀመጠው በማን እጅ ነው? ባለፈው ዓመት ወደ አውሮፓ የላክነውን ጽጌረዳ ስናስረክብ 120 ካርቶን ነበር፤ መድረሻው ላይ 118 ነው ተባለ። ሲስተሙም 118 ይል ነበር፤ ቁጥሩን ማን እንደለወጠው የሚያሳየውን ገጽ እንድናይ ግን አልተፈቀደልንም። ያዳነን ስናስረክብ የመጋዘኑ ተረካቢ ፈርሞ የሰጠን ቅጂ ነው። እኔ የምደብቀው የለኝም፤ እንዲደበቅብኝም አልፈልግም። ደግሞም «ሲስተም ተቋርጧል» እየተባለ አበባ የጫነ መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ኪሳራው የሚወድቀው በእኛ ላይ ነው።

የካርጎ ሲስተም ባለሙያ፦
እህቴ፣ የደረሰብዎት በደል ነው፤ ነገር ግን የመጋዘኑ አሠራር ያመጣው በደል ነው። መኪናስ ፀሐይ ላይ የሚቆመው አንድ ማኅተም ስለጎደለ፣ አንድ ፈራሚ ምሳ ስለወጣ አይደለም ወይ? መረጃው ቀድሞ ቢላክ ጉምሩክ መኪናው ከሆለታ ሳይነሣ ሊያየው ይችላል።

ጠበቃዋ፦
ሁለታችሁም የምትከራከሩበት ጉዳይ በሕግ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ላይ ልግባ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት፣ በፈረንጆቹ 1999 የተፈረመው የሞንትሪያል የአየር ማጓጓዣ ስምምነት በአንቀጽ 4 ላይ የማጓጓዙን መረጃ ይዞ የሚያቆይ ማናቸውም ሌላ መንገድ ኤርዌይ ቢልን ሊተካ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለዚህ ኤሌክትሮኒኩ ሕገወጥ ነው የሚል ክርክር አያስኬድም። ኤርዌይ ቢል እንደ መርከቡ ሰነድ በፊርማ የሚተላለፍ የባለቤትነት ሰነድ ስላልሆነም ወደ ኤሌክትሮኒክ መለወጡ ቀላል ነው። ነገር ግን ያው አንቀጽ፣ በዚህ ዓይነት መንገድ ሲሠራ፣ አጓጓዡ የጭነት ደረሰኝ ለላኪው መስጠት ያለበት ላኪው ከጠየቀ ነው ይላል። ከጠየቀ! ስንቱ ላኪ ነው ይህን አውቆ የሚጠይቀው? በአንቀጽ 11 መሠረት በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ክብደትና የካርቶን ብዛት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። እንግዲህ ወንድማችን ደባቂ ያሉት ሰው ሕጉ የሰጠውን መብት የጠየቀ ሰው ነው።

የካርጎ ሲስተም ባለሙያ፦
ደረሰኝ አይሰጥ ብዬ አልጻፍኩም። ደረሰኙ በኢሜይል ቢላክ ምን ይጎድለዋል? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የወጣው ለዚሁ አይደለም ወይ?

የባንክ ሰነድ መርማሪ፦
ለእኔ ይጎድለዋል። በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ የተባለው ሰነድ ሲቀርብለት ለሻጩ ሊከፍል በሚገባው ግዴታ፣ የሚከፈል ጭነት ሲመጣ ዓለም አቀፉ የኤልሲ ደንብ ዩሲፒ 600 በአንቀጽ 23 የሚጠይቀኝ ለላኪው የተሰጠውን ኦሪጅናል ነው። ምክንያቱም አለው፦ ያ ኦሪጅናል በላኪው እጅ እስካለ ድረስ ላኪው ጭነቱን መንገድ ላይ አስቁሞ ወደ ሌላ ሰው ሊያዞረው ይችላል፤ ለባንክ ካስረከበው በኋላ ግን አጓጓዡ ኦሪጅናሉን ሳያይ ትእዛዙን ቢፈጽም ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። በኢሜይል የመጣ ፋይል አሥር ቦታ ይገለበጣል፤ የትኛው ገዢውን እንደሚጠብቀው ማን ይነግረኛል? ባንክም የሚደብቀው ስላለው ነው በሉኝ እንግዲህ።

የካርጎ ሲስተም ባለሙያ፦
ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ የሚሠራው የዩሲፒ ተጨማሪ ደንብ ኢዩሲፒ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ባንኮቻችን በኤልሲው ላይ ይጻፉት፤ የእናንተን ዳተኝነት በአየር ካርጎው ላይ አታላክኩት።

የባንክ ሰነድ መርማሪ፦
ዳተኝነት ያሉትን ያንሡልኝ። ኤልሲው ላይ የሚጻፈውን ገዢውና ሻጩ ይስማሙበታል እንጂ እኔ በራሴ ሥልጣን አላስገባም።

ካርጎ ሰብሳቢ፣ ከዱባይ፦
ስለ ባንኩ ሌላ ጊዜ ትጨቃጨቃላችሁ፤ ስለ እኛም አስቡ። እኔ የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ማስተር፣ ማለትም በአንድ ጠቅላላ ኤርዌይ ቢል፣ ጠቅልዬ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ሃውስ፣ ማለትም የየራሱን ኤርዌይ ቢል፣ እሠራለታለሁ። የ2013ቱ ስምምነት የአየር መንገዱና የአስተላላፊው ስለሆነ የሚመለከተው ማስተሩን ነው። ለእናቷ ማቀዝቀዣ የላከች እህት የምትይዘው ሃውሱን ነው፤ ስሟም አየር መንገዱ ለእኔ በሚሰጠው ማስተር ላይ የለም። ወረቀቷን ስትጠይቀኝ ደባቂ ናት ልበላት? እኔ ከማስተሩ ወረቀት ብገላገል ደስታዬ ነው፤ የእርሷን ግን አልነጥቃትም።

የቦሌ ትራንዚተር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከወዲህ ላኪዋ፣ ከወዲያ ባንኩ፣ ከዱባይም ወንድማችን ተናገሩ፤ አንዳቸውም ኤሌክትሮኒክ ይቅር አላሉም። እኔም አላልኩም። ነገር ግን ዕቃ ሲጎዳ ገዢው ከተረከበ በ14 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ በነዚያ ቀናት መዝገቡን ለማየት «አይፈቀድም» ከተባለ 14ቱ ቀን በደጅ ጥናት ያልቃል። ወንድማችን «የሚደብቀው» ያሉትን ይመልሱት።

የካርጎ ሲስተም ባለሙያ፦
አልመልስም። ላኪው ሁሉ ደባቂ ነው አላልኩም፤ ኤሌክትሮኒኩ መንገድ ተከፍቶለት፣ ደረሰኙም በኢሜይል ተልኮለት፣ አሁንም በእስክሪብቶ ካልተስተካከለልኝ ብሎ የሚሟገተውን ነው ያልኩት። እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ፤ እናንተም አይታችኋል።

አበባ ላኪ፣ ከሆለታ፦
ትናንት እንዲህ ብለው አልጻፉም፤ ጽሑፍዎ ከላይ አለ። የለውጡ ታሪክ የሚታይበትን ገጽ ለላኪው ክፈቱለት፤ ስናስረክብም ሳንጠይቅ ደረሰኙን ስጡን። ያን ቀን ሰማያዊዋን ራሴ አምጥቼ እመልስላችኋለሁ።

ጠበቃዋ፦
«ሳንጠይቅ» የምትለዋ በውሉ ውስጥ ትግባ። አስተላላፊዎች ከአየር መንገድ ጋር ስትፈራረሙ ይህን አንቀጽ ያስገባ ካለ እዚሁ ይለጥፍልን።