ፍሪጁ ተበላሸ፣ እናቴን ደግሞ ጎንደር ልወስዳት ነበር፤ ምን ላስቀድም?

የሽምብጧ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ጎንደር ነው። የፋሲል ግቢ እየታደሰ ነው ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ «ሳላየው እንዳልሞት» ትለኛለች። ለዚህ ብዬ ትንሽ ትንሽ ሳጠራቅም ቆይቼ ለግንቦት መግቢያ ልንሄድ ተስማምተን ነበር። በመሀል መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጃችን ቀጥ አለ።

የውስጡ አምፖል ይበራል። ሞተሩ ግን ለመነሳት ያጉረመርምና ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። የመጣው ባለሙያ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት» አለኝ። የጠራው ዋጋ ለጎንደር የያዝኩትን ገንዘብ ጠርጎ ይወስደዋል።

የምግቡ ነገር ብቻ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም። ቆሮሶ ዓሣ እንደሆነ ጠዋት ተገዝቶ እዚያው ቀን ይጠበሳል። ወጡም የዕለቱን ያህል ይሠራል። የጨነቀኝ የእናቴ ኢንሱሊን ነው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ሚያዝያ ነው። ለጊዜው ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠናል። እሷ ግን በየጊዜው የሰው በር ማንኳኳት ከብዷታል።

እውነት ሞተሩ ይሆን? አዲስ መግዛት ግድ ከሆነስ ምን አይቼ ልግዛ? እድሳቱን ያያችሁም ንገሩኝ፤ ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ግቢው ይመቻል? ጉዞውን መሰረዝ በፍጹም አልፈልግም። ስለ ጎንደር ስታወራ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው።

ፍሪጅ ሠሪ፣ ቀበሌ 14፦

እህቴ፣ በመዳሰስ ብቻ ሞተር ተቃጠለ አይባልም። ጠቅ የሚለው ሞተሩን ከመቃጠል የሚከላከለው ኦቨርሎድ ነው። ሞተሩ መነሳት ሲያቅተው ይግልና እሱ ይቆርጠዋል። ያልተነሳበት ምክንያት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የሶኬቱን ቮልቴጅ አስለኪ። 220 መሆን ሲገባው ወደ 170 ወርዶ ከሆነ ደህናው ሞተርም እንደዚሁ ያጉረመርማል። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሪሌይ ማየት ነው። ከሞተሩ ጎን የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ዋጋዋ ከሞተር ጋር አይነጻጸርም። እሷን ነቅለሽ ስትነቀንቂያት ውስጧ ከተንኮሻኮሸ ብዙ ጊዜ ተሰብራለች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የሞተሩ ተራ። ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ ሦስቱ የሞተር እግሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚገባባቸው ጫፎች፣ በቴስተር ይለካሉ። የሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ድምር ከትልቁ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ከየትኛውም እግር ወደ ሞተሩ ብረት ምንም ማለፍ የለበትም። ካለፈ እውነትም ተቃጥሏል። ይህን ፊትሽ ያልለካ ሰው ሞተር እንዲቀይርልሽ አትፍቀጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። አር 600 ኤ ካለ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። ጋዙ ሳይወጣና ቤቱ ሳይናፈስ እሳት ይዞ የሚጠጋውን ከቤትሽ አስወጪው።

አዲስ ከገዛሽ ኢንቨርተር ሞተር ያለውን ምረጪ፤ አነሳሱ ለስላሳ ነው። ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ስታቢላይዘር ደግሞ ከፍሪጁ ጋር አብረሽ ግዢ። መብራት ሲመለስ 3 ወይም 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን ዓይነት በይ። ሞተር ወዲያው ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ነው የሚጎዳው፤ ውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ገና አልተመጣጠነም።

ነርስ ነኝ፦

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ስለ ኢንሱሊኑ ትንሽ ላረጋጋሽ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ እሱ ጎረቤት ይቆይ። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ውስጡ ያለውን ወረቀት አንብቢ። ስለዚህ የየዕለቱን ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥላ ቦታ ብታስቀምጡት ማታ በር ማንኳኳቱ ይቀራል። የቤታችሁን ሙቀት ግን በቴርሞሜትር እዪው። ካለፈ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት የሸክላ ማሰሮ ያግዛል፤ ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይታሰር።

በመንገድ ላይ መኪና ውስጥ ትታችሁት እንዳትወርዱ። በረዶ ከያዛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለዩት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ተመልሶ ቢሟሟም መጣል አለበት።

የአዘዞ ልጅ፦

እህት፣ ውሰጂያት። ሁሉም ነገር አዲስ ሆኖ ይጠብቀኛል ብላ ግን እንዳትመጣ። የፋሲል ቤተ መንግሥት ግድግዳ ድሮ ከምታውቀው ነጣ ብሏል። ብዙ ሰው ቅር ብሎታል፤ እኔ ግን አልተቃወምኩም። ጣሊያን በወረራው ዘመን አንዳንዱን ቦታ በሲሚንቶ ጠግኖት ነበር። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ድንጋዩን ይጎዳዋል። ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። አባቶች የገነቡትም በኖራ ነው። ኖራ አዲስ ሲሆን ይነጣል፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይረጋል።

ይህ ግቢ ብዙ አይቷል። ፋሲለደስ ከተማውን የመሠረተው በ1628 ዓ.ም. ነው። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ገብተው አቃጠሉት። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ጣሊያን መሽጎበት ስለነበር እንግሊዞች ከአየር ደበደቡት። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ከዚያ በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ ነበር፤ ቦምቡ ባሰበት። እናትሽን እሱ ፊት ለፊት አስቀምጫትና ቀስ ብላ ትየው። የታደሰውን ብቻ ያየ ሰው ጎንደርን በግማሽ ነው ያየው።

ጉልበቷን በተመለከተ ግቢው ሰፊ ነው፤ ግን ሣርና ጥላ አለው፣ እያረፉ ይሄዱበታል። ፎቁን ይቅርባት፣ ደረጃው ይከብዳል። የፋሲል መዋኛ ራቅ ስለሚል በባጃጅ ሂዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ግን እንዳታስቀሪባት። ደርቡሾች ሲመጡ ንብ ተነሥቶ አባረራቸው የሚባለው እዚያ ነው። እሷ ከኔ አሳምራ ትነግርሻለች። የእንፍራንዙን የጉዛራ ግንብ ከመኪና እያያችሁ እለፉ፤ ዳገቱ ለሷ አይሆንም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ በጠዋትም ውጡ።

የሽምብጧ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቮልቴጁም ሪሌዩም ደህና ናቸው። አንድ የሰፈር ልጅ ፊቴ ለካው፤ ከእግሩ ወደ ብረቱ ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ እውነትም ሄዷል። ፍሪጁ ያረጀ ስለሆነ ለእሱ አዲስ ሞተር አልገዛም። የዕቁብ ሰብሳቢያችንን ለምኜ ተራዬን ቀድመው ሊሰጡኝ ተስማምተዋል። በዚያ ባለ አንድ በር ፍሪጅ ከነስታቢላይዘሩ እገዛለሁ። የጎንደሩ ገንዘብ አይነካም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሱቁ በባጃጅ ነው የሚያመጣልኝ፣ ተጋድሞ ሊመጣ ይችላል። እንደደረሰ ልሰካው?

ፍሪጅ ሠሪ፣ ቀበሌ 14፦

አይሆንም። ቢቻል ቆሞ ይምጣ፤ ባለ ሦስት እግር ጭነት ባጃጅ አስፈልጊ። ከተጋደመ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። አቁሚውና ሳትሰኪው እስከ ማግስቱ ይደር። ከግድግዳውም አንድ ጋት ያህል አርቂው፣ ጀርባው አየር ካላገኘ ሞተሩ አያርፍም። ኢንሱሊኑን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊው እንጂ ከበረዶ ቤቱ ሥር አታስጠጊው።